ለአሮጌ ማሴ ፈርጉሰን 135 የትኛው የሞተር ዘይት ይስማማል? (አዳማ)

ቦፋ 135
ግንቦት 6

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የተረከብኩት ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ። ከተከታታይ ቁጥሩ እንዳጣራሁት እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራ ሲሆን፣ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ቦፋ ያለውን መሬታችንን የማርሰው በእርሱ ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ የጎረቤቶቼንም በኪራይ አርሳለሁ።

ያሳሰበኝ የዘይቱ ግፊት ነው። ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ የግፊት ጌጁ መርፌ ከ40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ይቆማል። አንድ ሰዓት ያህል ካረሰ በኋላ ግን፣ በተለይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ሙቀት፣ በሥራ ፍጥነት ወደ 20 ይወርዳል፤ ጋዙን ስለቅቀው ደግሞ 10 እንኳ አይሞላም። ባለፈው ዓመት እንዲህ አልነበረም። እስከ ዛሬ የምጠቀመው በሱቅ ያገኘሁትን ነው፤ አንዳንዴ 15ደብሊው-40፣ አንዳንዴ ነጠላውን 40።

ሞተሩ አልቋል እንዳትሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተፈትቶ ፋሻውም (የፒስተን ቀለበቱ) ብሮንዚኑም (የክራንክ ዘንጉ ማቀፊያ) ተቀይሯል፤ ዘይትም አይበላም። ካለፈው ጥር ወዲህ አንድ ጠብታ አልጨመርኩበትም። አንድ ሻጭ ነጠላውን 50 ሙላበት ብሎኛል። የሰኔ እርሻ ከመጀመሩ በፊት መወሰን ስላለብኝ፣ በእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ላይ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ እወዳለሁ።

ሞጆ ዲስክ
ግንቦት 6

ሻጩ ልክ ነው፤ 50 አድርግበት። የእኔም ሲደክም እንደዚያ አድርጌው መርፌው ወዲያው ወጣ። አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል።

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 7

ልጄ ቦፋ፣ በዚህ ሞተር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ እጄን አቆሽሻለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ጥያቄህ «የትኛው ዘይት» የሚል ነው፤ እርሱን እመልሳለሁ። ነገር ግን ከጽሑፍህ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛልና በመጨረሻ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ። በጄሪካኑ ላይ የሚጻፈው ኤስኤኢ የሚባለው መለኪያ የዘይቱን ውፍረት እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ)፣ 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 የሚባለው ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ይደርሳል። እንግዲህ 15ደብሊው-40 እና ነጠላው 40 ሞተሩ ሲሞቅ በውፍረት አንድ መደብ ናቸው። ልዩነታቸው ቀዝቃዛ ሲሆኑ ነው፤ ነጠላው በብርድ ይረጋል፣ ባለ ሁለት ቁጥሩ ግን ቶሎ ይፈስሳል። 15ደብሊው የሚለው ምልክት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ብርድ ስለሆነ፣ የአዳማ ሰው ስለ ፊተኛው ቁጥር ብዙ መጨነቅ የለበትም። 10ደብሊው ይሁን 20ደብሊው፣ እኛ ዘንድ ሞተሩን ከመነሣት የሚያግደው የለም።

በእኔ እጅ ያለው የዚያ ዘመን መመሪያ ለሞቃት አገር ነጠላ 30 ያዛል። ይህን ስታነብ አትደንግጥ። መመሪያው ሲጻፍ ሞተሩ አዲስ ነበረ፤ ባለ ሁለት ቁጥር ዘይትም እንደ ዛሬ በየሱቁ አልነበረም። ለአንተ ሞተር፣ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ 15ደብሊው-40 ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥራቱን የሚናገረው የኤፒአይ ፊደል ነው። «ሲ» ብሎ የሚጀምረው ለናፍጣ፣ «ኤስ» ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው። አንተ የምትፈልገው ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 ነው። ሲኤች-4 እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002 የወጡ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ትራክተርህ ሲሠራ ከነበሩት ዘይቶች እጅግ የተሻሉ ናቸው። የምርት ስሙ ሩቢያ ይሁን ዴልቫክ ወይም ሪሙላ ለእኔ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ ፊደሉና ቁጥሩ አንድ ከሆነ በስም አልጣላም። ኤፍኤ-4 የሚል ካየህ ግን አትንካው፤ ቀጭን ሆኖ ለአዳዲስ ሞተሮች ብቻ የተሠራ ነው።

እንቅልፍ የነሣኝ ዓረፍተ ነገር ይኸውልህ፦ «አንድ ጠብታ አልጨመርኩበትም።» ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረ፣ ከታደሰም ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ በአቧራ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያርስ ሞተር ምንም ዘይት አይበላም ካልከኝ፣ ከወዴት እየተተካ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። እባክህ ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሣ፣ ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁመህ የመለኪያውን ዘንግ አውጣና ደረጃው የት እንደሆነ ጻፍልን። እስከዚያ 50 አትግዛ።

ኢተያ 165
ግንቦት 7

ለጋሼ ፊልትሮ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ነጠላውን 40 በዚህ ቀላል አነጋገር ማለፍ አልወድም። አባቴ አሰላ ካዱ በነበረበት ዘመን ትራክተር መንዳት የተማረ ሰው ነው፤ ካዱ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድኖች እርዳታ ጭላሎ ላይ የተጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅት መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከነጠላ 40 ሌላ ሞልቶ አያውቅም፤ የእኛ ማሴ 165 እስከ ዛሬ ይሠራል። ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ከኋላ በኩል ያንጠባጥብብናል፤ ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል።

ደግሞም ባለ ሁለት ቁጥሩ ውፍረቱን የሚጠብቀው በተጨመረበት ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል እየተቆራረጠ ሲሄድ 40 የነበረው ወደ 30 ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ነጠላው ግን እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለበት የሚቆራረጥ የለውም።

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 8

ወንድሜ ኢተያ፣ የተናገርከው አብዛኛው እውነት ነው፤ የአባትህንም ልምድ አላቃልልም። ውፍረት የሚጠብቀው ኬሚካል በሥራ ብዛት መቆራረጡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በሰዓቱ ለሚቀየር ዘይት የሚያሰጋ መጠን አይደለም። በኋላ በኩል የሚያንጠባጥበውም ዘይቱ ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም። የእነዚህ አሮጌ ፐርኪንሶች የኋላ ሲል ከገመድ የተሠራ ነው፤ ሲያልቅ በቀላሉ የሚፈስሰው ዘይት ቀድሞ ያገኘዋል። ነጠላው 40 ቀዳዳውን ደበቀልህ እንጂ አልደፈነልህም።

በነጠላ 40 የማዝነው በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ነው። የኢተያን ብርድ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ሞተሩ ተነሥቶ ጌጁ ግፊት ሲያሳይ ሰው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ዘይቱ እስከ ላይ፣ ቫልቮቹን እስከሚገፉት ክንዶች ድረስ ገና አልወጣም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሞጆ ወንድማችንም የተሳሳተው በዚህ ነው።

ጌጁ የሚለካው ዘይቱ ለመፍሰስ ምን ያህል እንደተቸገረ ነው። ዘይቱን ብታወፍረው፣ ወይም መንገዱን ብታጠብበት መርፌው ይወጣል፤ የሚደርሰው ዘይት ግን በዚያው መጠን ሊያንስ ይችላል። ብሮንዚንን የሚያድነው ደግሞ በብረቱና በብሮንዚኑ መካከል ሳያቋርጥ የሚያልፈው ዘይት ነው፤ የሚቀባም፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወስድም እርሱ ነው። ዘይቱ እጅግ ሲወፍር ሌላም ነገር ይመጣል። ፊልትሮው ውስጥ ማለፊያ ቫልቭ አለ፤ ዘይቱ በወረቀቱ በኩል ማለፍ ሲያቅተው ቫልቩ ተከፍቶ ያልተጣራው ዘይት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ 50 የሞላበት ሰው በየጠዋቱ ሞተሩን ለተወሰነ ጊዜ ያለ ፊልትሮ እያስነሣ ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ግን ከፍ ብሎ ይታየዋል።

50 ኃጢአት ነው አልልም። ምክንያቱ ታውቆ፣ ብሮንዚን መበላቱ ተረጋግጦ፣ የምርቱን ወቅት ጨርሼ አሳድሰዋለሁ ለሚል ሰው የሦስት ወር ምርኩዝ ይሆነዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሆነ ግን በሽታው ሳይመረመር የሚዋጥ ማስታገሻ ነው።

አዋሽ መልካሳ
ግንቦት 8

ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። አዳዲስ ዘይቶች ዚንክና ፎስፈረሳቸው ስለተቀነሰ የአሮጌ ሞተርን ካምና ታፔት ይበላሉ የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ለማሴ ይህ ያሰጋል?

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 8

አያሰጋም፤ ፍርሃቱ የመጣው ከቤንዚን መኪናዎች ነው። በአዳዲስ ቀጫጭን የቤንዚን ዘይቶች ፎስፈረስ ከ0.08 ከመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። ለከባድ ናፍጣ በተሠራው፣ ገደብ በተጣለበት በሲጄ-4 እንኳ እስከ 0.12 ከመቶ ይፈቀዳል። የሲአይ-4 ዘይት ለማሴ ካም ከበቂ በላይ ጥበቃ አለው። ከዚህ የምንማረው የቤንዚን መኪና ዘይት ትራክተር ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ ርካሽ ሆኖ ቢገኝም።

ቦፋ 135
ግንቦት 9

ጋሼ ፊልትሮ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳዘዙኝ ለካሁ። ሳላጋንን ልናገር፣ ደረጃው ከላይኛው ምልክት በአንድ ጣት ስፋት ያህል አልፎ ይገኛል። ለካ እስከ ዛሬ ዘንጉን አውጥቼ የማየው «ጎድሏል ወይ» ብዬ ብቻ ነበር፤ በዝቶ እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም። ዘይቱን በጣቴ ሳሸው ውሃ ውሃ ይላል። ሽታው ግን የናፍጣ ይሁን የተቃጠለ ዘይት መለየት አልቻልኩም፤ ቀኑን ሙሉ ናፍጣ የሚሸት ሰው አፍንጫው አይታመንም።

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 9

የፈራሁት ደረሰ። ከአሁን በኋላ ጉዳዩ እስኪለይ ድረስ ትራክተሩን አታሠራው። ዘይቱ በናፍጣ ቀጥኗል ብዬ አስባለሁ። 15ደብሊው-40 ያልከው ዘይት ምናልባት ዛሬ ከነጠላ 30 ወይም ከ20 ያነሰ ሆኗል፤ ሲሞቅ ግፊቱ መውረዱም ከዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩን በ50 ብትተካው ኖሮ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት መርፌው ይወጣልሃል፤ ከዚያ ናፍጣው 50ውንም አቅጥኖ እዚሁ ይመልስሃል። በመካከሉ ብሮንዚኑ ይበላል። ከዚህ የከፋም አለ። ዘይቱ በዝቶና ቀጥኖ ወደ ሲሊንደሩ ከተሳበ፣ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ማጥፊያው ቢሳብም ላይቆም ይችላል።

ለማረጋገጥ ሁለት ነገር አድርግ። ከመለኪያው ዘንግ ጫፍ አንድ ጠብታ በነጭ ሶፍት ወረቀት ላይ ጣልና ለጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆየው። ጤነኛ ዘይት መካከሉ ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ናፍጣ ካለበት ከጥቁሩ ውጪ ሰፊ፣ ቅባት የመሰለ ነጣ ያለ ቀለበት ይወጣል። ደግሞ ሌላ ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣል። የሚንጣጣ ከሆነ ውሃ አለበት ማለት ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ስለሆነ አሁኑኑ ማወቅ ይሻላል።

ናፍጣው በሁለት በር ሊገባ ይችላል። አንደኛው ከሞተሩ ጎን የተገጠመችው፣ ናፍጣ የምትገፋው ትንሿ ፖምፓ ናት፤ በውስጧ ያለው ዲያፍራም ሲቀደድ ናፍጣው ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ሁለተኛው የኢንጀክሽን ፖምፓው ነው። የአንተ ሞተር ፖምፓ ሲኤቪ ዲፒኤ የሚባለው ክብ ዓይነት ከሆነ ሆዱ ሁልጊዜ በናፍጣ የተሞላ ነው፤ የሚቀባውም በዘይት ሳይሆን በዚያው በናፍጣ ነው። የዘንጉ ሲል ሲያልቅ ናፍጣው ወደ ታይሚንግ ማርሾቹ ቤት፣ ከዚያም ወደ ኮፓው (የሞተሩ ዘይት መያዣ ገንዳ) ይገባል።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለኝ፤ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። በ135 ላይ የናፍጣው ታንከር ከሞተሩ በላይ ስለተቀመጠ ናፍጣው ሳይገፋ በራሱ ይወርዳል። ቧንቧውን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሣ አሳድረው። ጠዋት ደረጃው ከጨመረ ትንሿን ፖምፓ ጠርጥር። ሲያድር ሳይጨምር በሥራ ጊዜ ብቻ ከጨመረ ግን ዋናውን ጠርጥር። ከዚያ ትንሿን ፖምፓ ቧንቧዎቿን ሳትነቅል ከሞተሩ ፍታና ክንዷን በእጅህ ደጋግመህ ግፋ፤ ከሥሯ ናፍጣ ከፈሰሰ ነገሩ አለቀ።

ቤላሩስ 80
ግንቦት 10

እንደ ቦፋ ወንድማችን ዓይነት ችግር ባይኖርብኝም ከዚህ ብዙ ተምሬያለሁ። የእኔ ኤምቲዜድ-80 ነው፤ በደርግ ዘመን ናዝሬት ከነበረው መገጣጠሚያ ከወጡት ቤላሩሶች አንዱ ነው ይባላል። የድሮ መመሪያው ለበጋ ኤም-10ጂ2 የሚባለውን የሶቪየት ዘይት ያዛል። ዛሬ በምን ልተካው?

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 10

ኤም-10ጂ2 በውፍረቱ ከነጠላ 30 ጋር፣ በጥራቱ ከጥንቱ ሲሲ ደረጃ ጋር የሚቀራረብ ነው። 15ደብሊው-40 ሲኤፍ-4 ወይም ሲኤች-4 ያለ ችግር ይተካዋል። ነገር ግን የቤላሩስ ዲ-240 ሞተር እንደ ማሴ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ዘይቱን የሚያጣራው በዘይት ግፊት የሚሽከረከር ሴንትሪፉጅ ነው። ሞተሩን ስታጠፋ ጆሮህን ጣል፤ ሴንትሪፉጁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲያፏጭ መስማት አለብህ። ድምፁ ከጠፋ ፍታና በውስጡ የተጋገረውን ጥቁር ጭቃ ፍቀህ አውጣ። እርሱ ሳይጠራ ዘይት መቀየር ያልታጠበ እንስራ ውስጥ ጠላ መጥመቅ ነው።

የዘይት ሱቅ ልጅ
ግንቦት 10

ዘይት በሚሸጥ ቤት ውስጥ ያደግሁ ስለሆነ ከመደርደሪያው በስተኋላ ያለውን ልናገር። የትኛውም የምርት ስም ቢሆን በገበያው ውስጥ ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ በባዶ ጄሪካን የሚሞላበት አጋጣሚ አለ። እኔም ከአንድ አከፋፋይ ወስደን ለደንበኛ የሸጥነው ዘይት እንዲህ ሆኖ ተገኝቶ የደንበኛችንን ገንዘብ መልሰናል። ስለዚህ በክፍት በርሜል የሚቀዳ ዘይት ርካሽ ቢሆንም አትግዙ። የክዳኑን ቀለበት ተመልከቱ፤ ከአንገቱ ጋር ያልተያያዘ ወይም ሙጫ የነካው ከሆነ መልሱ። ከጄሪካኑ ላይ የምርት ቁጥርና ቀን መኖሩን አረጋግጡ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። ስትጨርሱ ደግሞ ጄሪካኑን በቢላ ሰንጥቃችሁ ጣሉት፤ ሌላው ሰው የሚታለለው እናንተ ደህና አድርጋችሁ በጣላችሁት ጄሪካን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበሬዎች ዘይቱ በሁለተኛው ቀን ጠቆረ ብለው ውሸተኛ ዘይት ሸጣችሁን ይሉናል። በናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ የሚያጸዳ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ጥቀርሻውን ተሸክሞ በሙሉ ስላንሳፈፈው ይጠቁራል። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ማር ያማረ ዘይት ባይ ይልቅ እኔ እፈራለሁ።

ሞጆ ዲስክ
ግንቦት 11

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወርጄ የራሴን ለካሁ። የእኔ ደረጃ አልጨመረም፤ ወርዷል። ስለዚህ የእኔ 50 ቢያንስ ናፍጣ አልሸፈነም። ሆኖም ጋሼ የተናገሩትን ስለ ፊልትሮ ማለፊያ ቫልቭ አላውቅም ነበር፤ በሚቀጥለው ቅየራ ወደ 15ደብሊው-40 እመለሳለሁ፤ ግፊቱን በተለየ ጌጅ አስለካለሁ።

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 11

በተለየ ጌጅ መለካትህ ትልቅ ነገር ነው። የሃምሳ ዓመት ጌጅ ራሱ ሊዋሽ ስለሚችል፣ ማንኛውንም ሞተር ከመፍታት በፊት የታመነ ጌጅ ገጥሞ ማየት ይገባል። ለዚህ ፐርኪንስ መመሪያው የሚሰጠው ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ ሲሆን፣ ያም ሞተሩ ሞቆ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ነው። ጋዝ ተለቅቆ 15 ቢያሳይ የሚያስጮህ አይደለም።

ቦፋ 135
ግንቦት 19

የዘገየሁት የሚነገር ነገር እስኪኖረኝ ስለጠበቅሁ ነው። ሶፍቱ ላይ የወጣው ቀለበት ጋሼ እንደገለጹት ሆኖ አገኘሁት፤ በጋለ ብረት ላይ ግን አልተንጣጣም። ሁለት ሌሊት ቧንቧውን ከፍቼ አሳደርኩት፤ ደረጃው አልጨመረም። ትንሿን ፖምፓ ፈትቼ ክንዷን ገፋሁ፤ ደረቅ ናት። ስለዚህ ዋናውን ፖምፓ ለማውረድ ወሰንኩ። ከመፍታቴ በፊት በፖምፓው ጆሮና በሞተሩ ሽፋን ላይ በአንድነት የሚያልፍ መስመር በሹል ብረት ጫርኩ፤ ይህን ባላደርግ ኖሮ ታይሚንጉን ፍለጋ አንድ ቀን እባክን ነበር። ሲወርድ በዘንጉ ዙሪያ ናፍጣው በግልጽ ይታይ ነበር።

አዳማ ፖምፓ የሚሠራ ቤት ወስጄ ሲሉ ተቀየረ፤ በመፈተኛው ማሽን ላይም ተለካ። ከኮፓው ያወጣሁት ከ8 ሊትር በላይ ሆነ፤ መሆን የነበረበት ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ነበር። እንግዲህ ሞተሩ ዘይት አይበላም እያልኩ የኮራሁት በናፍጣ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔም ሞተሩን ሳመሰግን የኖርኩት ለካ በዚህ ነው» አለ፤ የእርሱ ዘመን ግን ምናልባት እውነተኛ ነበረ።

ገና ያልሞላሁት ስለሆነ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የቀረውን ናፍጣ ለማጠብ የማጠቢያ ዘይት ያስፈልጋል ወይ? የሃይድሮሊኩስ ዘይት በዚያው 15ደብሊው-40 ቢሆን ይቀላል የሚሉኝ አሉ።

አሮጌው ፊልትሮ
ግንቦት 19

ማጠቢያ አያስፈልግም። ዘይቱን ስላወጣኸው፣ ቡሹን ከፍተህ የቀረው አንድ ሌሊት ይንጠባጠብ፤ አዲስ ፊልትሮ ግጠም፣ 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ሙላ። ከ25 ወይም ከ30 ሰዓት ሥራ በኋላ ያንኑ ዘይት ከነፊልትሮው ቀይር፤ ማጠቢያህ እርሱ ነው። ሞተሩ የቆየ ጭቃ ካለበትም አዲሱ ዘይት የሚያላቅቀውን የመጀመሪያው ፊልትሮ ይሸከመዋል። ከሞላህ በኋላ ማጥፊያውን ስበህ እንደያዝክ ጌጁ እስኪነቃነቅ ድረስ በሞተር ማስነሻው አሽከርክረው፤ ከዚያ አስነሣ። አሮጌውን ፊልትሮ ደግሞ አትጣለው፤ ሰንጥቀህ ወረቀቱን ዘርጋና በፀሐይ ተመልከት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብሮንዚኑ የተጎዳበት ምስክር ነው።

የሃይድሮሊኩና የካምቢዮው ዘይት በ135 ላይ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ከሞተሩ ጋር ግን አይገናኙም። ለዚያ የትራክተር ማስተላለፊያ ዘይት ግዛ። ለማስተላለፊያና ለሃይድሮሊክ ብቻ የተሠራውን ደግሞ በምንም ዓይነት ወደ ሞተሩ አትጨምር፤ የሞተር ጥቀርሻና አሲድ የሚሸከም አይደለም። ለሁሉም የሚሆን ተብሎ የተሠራ ዘይት አለ፤ በጄሪካኑ ላይ ለሞተር የሚለውን ደረጃ በግልጽ ካላነበብክ ግን አትመነው።

ኢተያ 165
ግንቦት 20

አንድ የተረሳ ነገር ላስታውስ። የአየር ማጣሪያውስ? የቦፋ አቧራ በግንቦት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የአንተ 135 የዘይት ገንዳ ያለው ማጣሪያ ከሆነ፣ የሞተሩን ዘይት ስትቀይር ገንዳውንም አጥበህ እስከ ምልክቱ ድረስ በዚያው በንጹሕ ዘይት ሙላ። በእርሻ ወቅት እኛ ገንዳውን በየዕለቱ ነው የምናየው፤ ጭቃው ግማሽ ጣት ከሞላ እናጥበዋለን። አቧራ ከገባ የትኛውም ዘይት ፋሻውን አያድነውም። ስለ ነጠላው 40 ደግሞ ገና አልተረታሁም፤ የኋላውን ገመድ ሲል ካስቀየርኩ በኋላ ግን አንድ ጊዜ እሞክራለሁ።

ቦፋ 135
ሰኔ 2

15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ሞላሁ። ክዳኑን መርምሬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣ ጄሪካኑንም ሰንጥቄያለሁ። አሮጌው ፊልትሮ ሲዘረጋ ጥቂት የሚያብረቀርቅ ብናኝ ነበረበት፤ ብዙ አይደለም፣ የለም ማለት ግን አልችልም። በተዋስኩት ጌጅ ሞተሩ ሞቆ በሥራ ፍጥነት 38፣ ጋዝ ሲለቀቅ 15 ያሳያል። አራት ቀን ከባድ መሬት አርሷል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሙቀት ላይ እንኳ ከ35 አልወረደም።

አሮጌው ፊልትሮ
ሰኔ 2

ብሮንዚኑ ትንሽ ተልጧል፤ ነገር ግን በ38 ብዙ ክረምት ያርሳል። አሁን በየጠዋቱ ዘንጉን አውጣና ደረጃውን ከቀኑ ጋር ጻፍ።

ቦፋ 135
ሰኔ 14

ሠላሳ ሰዓት ሞላና ከመቀየሬ በፊት ለካሁ። ደረጃው ከላይኛው ምልክት በጥቂቱ ወርዷል፤ እንደ እኔ ግምት ሩብ ሊትር ያህል በልቷል። ልደንግጥ?

አሮጌው ፊልትሮ
ሰኔ 14

እሰይ። እኔ የማውቀው ማሴ ይህ ነው። ሩብ ሊትሯን ጨምርለትና እርሻህን ቀጥል።